ከቀዩ ሸክላ ሥር

ያን ጊዜ ሥራዬ ገል ማጠብ ነበር። አትሳቁ፤ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው። ካልገሪ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የአርኪዮሎጂ ክፍሉ ምድር ቤት ተቀምጬ፣ ከደቡብ ጣሊያን በሣጥን ታሽጎ የመጣ የሸክላ ስብርባሪ በለስላሳ ብሩሽ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ቁጥር እጽፍበታለሁ፣ የሚገጥመውን ከሚገጥመው ጋር አጣብቃለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ይህን ሥራ በወጉ የተረዳልኝ ሰው አልነበረም። የሴቶች ኅብረት መሪያችን እትዬ አስቴር አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ እጄን ያዙና፣

«አንቺ ሰናይት፣ እውነት ነው ካናዳ ድረስ መጥተሽ ገል የምታጥቢው?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ። የሁለት ሺህ ዓመት ገል ነው።»

«እና እስከ ዛሬ ሳይታጠብ ምን ይሠራ ነበር?»

በዙሪያችን የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። እትዬ አስቴርን የምወዳቸው እንዲህ ስለሚያስቁኝ ነው። በዚያን ሰሞን ግን ሳቄ ከጥርሴ አያልፍም ነበር። ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

ጊዜው የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። እኔና ባለቤቴ ዳዊት ካስልሪጅ በሚባል የካልገሪ ሰፈር ከአንድ ቤት ሥር ቤዝመንት ተከራይተን እንኖር ነበር። ይህ ታሪክ ከመሆኑ በፊት በነበረው ዓመት፣ በሰኔ፣ የመጀመሪያ ልጃችንን ወለድኩ። ወንድ ነበር። አላለቀሰም።

ብዙ ደም ስለፈሰሰኝ ለተወሰኑ ቀናት ራሴን በደንብ አላውቅም ነበር። ነቃ ስል ልጁ የለም። ቤቴ ስገባ ደግሞ የልጁ ክፍል ባዶ ነው። አልጋው፣ ዳይፐሩ፣ ልብሶቹ፣ እትዬ አስቴር በእጃቸው የሠሩለት ሰማያዊ ሹራብ፣ አንዱም አልቀረም። የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች እኔ ከሆስፒታል ሳልመለስ ጠራርገው ወስደውታል። በፍቅር ነው ያደረጉት፤ ዓይኔ አይቶ ልቤ እንዳይቆስል ብለው ነው። ለቅሶም አልተቀመጥንም። እኛ ዘንድ ሳይተነፍስ ለሞተ ሕፃን ማን ለቅሶ ይቀመጣል? የሚመጣው ሰው ሾርባውን ይዞ ይገባና፣ «እንኳን አንቺ ተረፍሽ፤ ጌታ ሌላ ይሰጥሻል» ይላል። ከዚያ ስለ አየሩ፣ ስለ ሥራ አውርቶ ይሄዳል። ላለቅስ ስል፣ «አራስ አታለቅስም፣ ዓይንሽን ያምሻል» ይሉኛል። ስለዚህ አላለቀስኩም።

አንዲት ጥያቄ ግን አልለቀቀችኝም። ልጄ የት ነው ያለው? ማን ወሰደው? የት አደረሰው? ዳዊት እንደሚያውቅ አልተጠራጠርኩም። ካልጠየቅኩት አይነግረኝም፤ ከጠየቅኩት ደግሞ በመካከላችን የቀረችው ትንሽ ሰላም የምትፈርስ ይመስለኛል። እንዲህ እያልኩ አንድ ዓመት አለፈ፤ ሌላ የበረዶ ክረምትም መጣ።

በዚህ መሀል ከካልገሪ ወጣ ብላ ያለችው ትንሽ ከተማ፣ የኤርድሪ ነገር ተነሣ። ዳዊት እዚያ የተሻለ ሥራ አገኘና ቤት ተከራይቶ በወሩ መጨረሻ እንድንገባ ፈለገ። እኔ አልሄድም አልኩ።

«ኤርድሪ እኮ ግማሽ ሰዓት ናት፣ ሰኒ። አሜሪካ ሙቭ እናድርግ አላልኩሽም።»

«አልሄድም አልኩህ።»

«ምክንያቱን ንገሪኛ!»

ምክንያቱን አልነገርኩትም። ልጄ ያለበትን ሳላውቅ ከዚህ ከተማ መውጣት፣ እሱን የሆነ ቦታ ረስቶ እንደ መሄድ ነበር የሚሰማኝ። ዳዊት ግን ከሱ ጋር መኖር ያስጠላኝ መሰለው። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልወሰንኩ ብቻውን እንደሚሄድ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ዳዊት ሲከፋው ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው፤ ያን ማታ ድምፁ ጨርሶ አይሰማም ነበር።

ከጣሊያን ታሽጎ የመጣ አንድ ማሰሮ ነበር፤ የተፈታው በዚያው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት ነው።

አለቃዬ ጆአን የምትባል፣ ሽበት የወረሳት፣ ረጋ ያለች ፕሮፌሰር ነበረች። እዚህ አገር ሁሉም በስሙ ነው የሚጠራው። እኔ ግን እናቴን የምታክል ሴት «ጆአን!» ብዬ መጥራት ስለሚከብደኝ፣ በልቤ «እትዬ» እጨምርባት ነበር። በየበጋው ተማሪዎቿን ይዛ ጣሊያን ትሄድና ባሕር ፊት ለፊት ያለ አንድ ኮረብታ ትቆፍራለች። መጀመሪያ ግሪኮች ባሕር ተሻግረው መጥተው ቤት ሠሩበት፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ሮማውያን በዚያው መሠረት ላይ የራሳቸውን ቤት ሠሩ። የቤቱ ፕላን በሥራ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። መሀሉ ላይ ግቢ፣ ከጣራ የሚወርደውን ዝናብ የሚያጠራቅም ጉድጓድ፣ ዙሪያውን ትንንሽ ክፍሎች። ምድጃው የት እንደነበር ከአመዱ፣ ሽመናው የት እንደነበር ክሩን ከሚወጥሩት የሸክላ ክብደቶች ይታወቃል። ቤተ መንግሥት አይደለም፣ ቤተ መቅደስም አይደለም። ሰዎች ወጥ ያማሰሉበት፣ የተጣሉበት፣ የታረቁበት ተራ ቤት ነው። ሥራውን የወደድኩትም ለዚህ ነው።

ማሰሮው የተገኘው ቁፋሮው ሊዘጋ ሲል፣ ከምድጃው ጀርባ ባለች ትንሽ ክፍል ወለል ሥር ነው። ጊዜ ስላልነበራቸው ከነአፈሩ አንሥተው፣ በጄሶ ጠቅልለው፣ ተጠንቶ እንዲመለስ ፈቃድ ወስደው አመጡት።

«መባ ይመስለኛል» አለችኝ ጆአን፣ ጄሶውን አብረን እየቀደድን። «ቤት ሲሠሩ ከወለሉ ሥር ምግብ ወይም ዶሮ የመቅበር ልማድ ነበራቸው። በማንኪያ ቀስ እያልሽ አውጪው። ከየትኛው ጥልቀት ምን እንደወጣ ሳትጽፊ ወደ ታች እንዳትወርጂ።»

የማሰሮው አንገት ተቆርጧል። ተሰብሮ አይደለም፤ አንድ ሰው ዙሪያውን በትዕግሥት እየመታ ቆርጦ አፉን አስፍቶታል። በላዩ የጣራ ሸክላ ቁራጭ ተከድኖበታል። አፉን ማስፋት ለምን እንዳስፈለገ ያን ጊዜ አላሰብኩም።

ጠዋቱን ሙሉ አፈር ብቻ ነበር የማወጣው። ጥሩ አፈር፣ ደቃቅ፣ ትንሽ ከሰል የተቀላቀለበት። ከምሳ በኋላ ብሩሼ ሥር አንዲት ቀጭን አጥንት ብቅ አለች፣ ከዚያ ሌላ። «ዶሮ» ብዬ ጻፍኩ። የጆአን ግምት ትክክል ሆነ ብዬ ደስም አለኝ። ቀጥሎ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳ፣ ጎበጥ ያለ ነገር መጣ። የዶሮ ጭንቅላት እንዲህ አይሆንም፤ ይህን ለማወቅ አርኪዮሎጂ መማር አያስፈልግም። እጄ ፍጥነቱን ቀነሰ። አፈሩን በብሩሽ ሳይሆን በትንፋሼ እፍ ማለት ጀመርኩ።

ከዚያ ግማሽ መንጋጋ አገኘሁ። ከትንሿ ጣቴ አትረዝምም። ጥርስ የለባትም፤ ገና ያልወጡ ጥርሶች የሚተኙባቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች ብቻ ተደርድረውባታል።

ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁና ተቀመጥኩ።  ክፍሉ ውስጥ ያለው የማሞቂያ ድምፅ ብቻ ጎልቶ ይሰማኝ ነበር። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ጆአንን ጠራኋት።

መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች፣ አየች። ቀና ስትል ያየችው ማሰሮውን ሳይሆን እኔን ነው። ባለፈው ዓመት ከሥራ ለምን እንደቀረሁ ታውቃለች።

«ሰናይት፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለችኝ። «ቀሪውን እኔ እጨርሰዋለሁ። ነገ ስትመጪ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አይኖርም።»

«አይሆንም። አትውሰጂው።»

«ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ሁሉም ለእኔ ብለው ነው የወሰዱት!» አልኳት። «አልጋውን ወሰዱት። ልብሱን ወሰዱት። እሱን ራሱን ወሰዱት። ይሄኛውን እኔ ነኝ የማወጣው።»

ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው ያልኩት። እንግሊዝኛዬ እንደዚያ ቀን ቀጥ ብሎ አያውቅም። ጆአን ሌላ ወንበር ጎተተችና አጠገቤ ተቀመጠች፤ እሷ እየጻፈች፣ እኔ እያወጣሁ፣ እስኪመሽ ሠራን።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጨረስን። አጥንቶቹን ጥጥ በተነጠፈበት ትሪ ላይ በየቦታቸው አስቀመጥናቸው። ትሪው ላይ ብዙ ባዶ ቦታ ተረፈ።

«ሲወለድ የሞተ ነው፣ ወይም ከጥቂት ቀን በኋላ» አለች ጆአን። «ሮማውያን ሬሳ ከተማ ውስጥ አይቀብሩም ነበር፤ ሕጋቸው ይከለክላል። መቃብር ከከተማው በር ውጭ ነው። እንዲህ ያለ ጨቅላ ግን ቤት ውስጥ የሚቀርበት ጊዜ ነበር።»

«ለቅሶስ ይቀመጡለት ነበር?»

«ለጨቅላ ማዘን አይገባም ይባል ነበር። ቢያንስ በአደባባይ።»

አንገቴን ነቀነቅኩ። እነሱም ሾርባ ይዘው የሚመጡ እናቶች ነበሯቸው ማለት ነው።

ጆአን ከመሳቢያዋ የወለሉን ፎቶግራፎች አውጥታ ዘረጋችልኝ። ወለሉ በኖራ የተለሰነ ነጭ ነው። ማሰሮው ከነበረበት በላይ ግን አንድ ቀይ ሸክላ ገብቶበታል፣ እጅ የሚያክል።

«ወለሉ ሁለት ጊዜ ታድሷል» አለችኝ በጣቷ እያሳየችኝ። «አዲስ ኖራ በአሮጌው ላይ ሲያፈሱ ወለሉ ከፍ ይላል። በሁለቱም ጊዜ ይህን ሸክላ አንሥተው፣ አዲሱ ወለል ላይ፣ በዚያው ቦታ መልሰውታል። የሸክላው አሻራ በታችኞቹ ወለሎች ላይ አለ። እኛ ጥገና መስሎን አልፈነው ነበር።»

«የት እንዳለ እንዳይጠፋቸው ነው።»

«ሊሆን ይችላል። ምን ተሰምቷቸው እንደነበር አላውቅም። እጃቸው ያደረገውን ብቻ ነው የማየው።»

ጆአን ፕሮፌሰር ናትና መጠንቀቅ አለባት። እኔ ግን እርግጠኛ ነበርኩ። የልጁ እናት ወለሉ መጀመሪያ ሲታደስ ምናልባት ቆማ፣ «ያንን ሸክላ እንዳትደፍኑት» ብላለች። ሁለተኛው ላይ ምናልባት በሕይወት አልነበረችም። ግን ለአንድ ሰው ነግራ ነው የሞተችው።

ያን ማታ ከዩኒቨርሲቲው ጣቢያ የከተማውን ባቡር፣ ሲ-ትሬን፣ ተሳፈርኩ። ዳውንታውን ቀየርኩ፣ ዋይትሆርን ጣቢያ ወረድኩ፣ አውቶቡስ ጠበቅኩ። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። የአንዲት የማላውቃት እናት ልጅ የት ክፍል፣ ከየትኛው ወለል ሥር፣ በምን ያህል ጥልቀት እንደተኛ በትክክል አውቃለሁ፤ የራሴን አላውቅም። አዘንኩ፣ አፈርኩ፣ ከሁሉም በላይ ግን ተናደድኩ። ንዴቱ ጠቀመኝ።

ቤት ስደርስ ዳዊት ሳሎኑ መሀል ተንበርክኮ ካርቶን ያሽጋል። ገና ኮቴን ሳላወልቅ ጠራሁት።

«ዳዊት።»

«እ?»

«የት ነው ያለው?»

ማን፣ ምን አላለኝም። የሚያሽግበትን ፕላስተር ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

«አላውቅም» አለኝ።

«እንዴት አታውቅም?»

«አንቺ ደም እየፈሰሰሽ ነበር። ዶክተሩ ስለ አንቺም እርግጠኛ አይደለሁም ብሎኛል። ጋሼ ታደሰ መጡና፣ ‹አንተ ከአጠገቧ እንዳትለይ፤ የልጁን ነገር ለእኔ ተወው› አሉኝ። ተውኩላቸው። ከዚያ ልጠይቃቸው ስል፣ አንቺ አንድም ቀን አንሥተሽው አታውቂም። እኔ ካነሣሁት የምትሞቺብኝ መሰለኝ።»

«እኔ ደግሞ አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው እኮ! ካለበት ከተማ ለብቻው ትተኸው ልትሄድ ነው ብዬ…»

ንግግሬን አልጨረስኩም። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ዳዊትም ካርቶኑ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። አንድ ዓመት ከምናምን የዘገየ ለቅሶ ነው፤ ረጅም ሆነ። ዓይኔን አላመመኝም።

ጋሼ ታደሰ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ፎረስት ሎን በሚባል ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዱ፣ ብዙ የማያወሩ ሰው። ፊታችንን ከታጠብን በኋላ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ሰናይት ነኝ። ልጄን የት እንዳስቀመጡት ልጠይቅዎት ነበር።»

ወንበር ስበው ሲቀመጡ ተሰማኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫን አደረግኩት።

«ነገ ጠዋት መጥቼ እወስዳችኋለሁ» አሉኝ። «ቡትስ አድርጉ፤ በረዶው ገና አልቀለጠም።»

ቅዳሜ ጠዋት ሞቃቱ ንፋስ፣ ቺኑክ የሚሉት፣ ሌሊቱን ገብቶ ከየጣራው ውኃ ያንጠባጥባል። ሦስታችንም በአሮጌው ፒክአፓቸው የፊት ወንበር ላይ ተጣብበን ተቀመጥን።  ከከተማው ዳር ያለ ሰፊ መካነ መቃብር ገባንና መኪናውን ፓርክ አደረጉ። ሜዳው ነጭ ነው፤ በዚያ በኩል ያሉት ድንጋዮች መሬት ላይ የተኙ ስለሆኑ አንዱም አይታይም። ጋሼ ታደሰ ግን ወረቀት ሳያወጡ፣ ግራ ቀኝ ሳያዩ፣ በረዶውን እየረገጡ ቀጥ ብለው ሄዱ። አንዲት ቀጭን ዛፍ አልፈው ቆሙ፣ ጎንበስ አሉ፣ በረዶውን በጓንታቸው ጠረጉት።

ከሥሩ ትንሽ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወጣች። «ሕፃን» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ፣ ከሥሩ እዚህ አገር የቤተሰብ ስማችን የሆነው የዳዊት አባት ስም፣ ወሩና ዓመቱ። ሌላ የለም። በዙሪያዋ ያሉት ድንጋዮች ዳር ዳራቸው በደረቀ ሣር ተሸፍኗል። የእሷ ጠርዝ ንጹሕ ነው፤ ዙሪያዋን በጥንቃቄ የተቆረጠ የሣር መስመር አለ።

«በጋ ላይ ሣሩ ይወጣና ድንጋዩን ይውጠዋል» አሉ ጋሼ ታደሰ፣ ያየሁትን አይተው። «መቀስ ይዤ እየመጣሁ ዙሪያውን እቆርጠዋለሁ። አንድ ቀን መጠየቃችሁ አይቀርም። ያን ቀን ፈልጌ እንዳላጣው ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም ጋሼ?» አለ ዳዊት።

«እናቶቹ እንዳታነሡባት ብለው አስጠነቀቁኝ። እኔም የአራስ ነገር ምን አውቃለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ደስ ግን አላለኝም፣ ልጄ። አንድም ቀን ደስ አላለኝም።» ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ስሙን የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ድንጋዩ ላይ አላጻፍኩትም። አውጥታችሁለት ነበር?»

እኔና ዳዊት ተያየን። ገና ሆዴ ውስጥ እያለ ያወጣንለት ስም ነበር። ከዚያ ሰኔ ወዲህ አንዳችንም ጠርተነው አናውቅም። እኔ አፌን ስከፍት ዳዊት ቀደመኝ።

«ዮናታን» አለ።

ጋሼ ታደሰ ዓይናቸውን ጨፍነው አጭር ጸሎት ጸለዩ። በጸሎታቸው መሀል ዮናታን ብለው ጠሩት። የልጄ ስም ከሁለታችን ውጭ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። በረዶው ላይ ተቀመጥኩ። እጄን ድንጋዩ ላይ አድርጌ እስኪደነዝዝ ድረስ እዚያው ቆየሁ። ማንም ተነሽ አላለኝም፤ ሁለቱም ቆመው ጠበቁኝ።

ስንመለስ፣ መኪናው ውስጥ፣

«ጋሼ፣ ከኤርድሪ ዮናታን ጋ ድረስ ምን ያህል ያስነዳል?» አልኳቸው።

«መንገዱ ደረቅ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።»

ዳዊት ወደ እኔ ዞረ።

«እንግዲያው ካርቶኖቹን ቶሎ እንጨርሳቸው» አልኩት።

ማሰሮው ተጠንቶ ሲያልቅ ወደ አገሩ ተመለሰ። አጥንቶቹን በጥጥ የጠቀለልኳቸው እኔ ነኝ። በጸደይ የዮናታን ስም ድንጋዩ ላይ ተጻፈ። እትዬ አስቴር ነገሩን ሲሰሙ አንድ እሑድ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘው ኤርድሪ ድረስ መጡ። ሰማያዊው ሹራብ ነበር። «ሌላውን ሰጥተነዋል፣ ይሄን ግን መስጠት አቃተኝ» አሉኝና፣ እኔን ዓይንሽን ያምሻል እንዳላሉኝ ሁሉ፣ ራሳቸው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። ሌሎች ልጆች ወልጃለሁ፣ ብዙ ገልም አጥቤአለሁ። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እንዲህ ያለ ሐዘን የገባበት ቤት ስትሄዱ ሾርባውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሾርባው ጥሩ ነው። አልጋውን ግን እናትየዋ ራሷ እስክታወጣው አትንኩባት። ስለ አየሩም አታውሩ። እኔ አጠገቧ እቀመጥና፣ «ስሙን ማን ልትሉት ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዷ ቶሎ ትመልሳለች፣ አንዳንዷ ብዙ ትቆያለች። እስከ ዛሬ ግን መልስ ያጣች እናት አልገጠመችኝም።